ከሽታው ፊት መቆም፦ የቆቅ አዳኝ ቡችላን ስለ ማርጋት

(በአዘና ለሕዝብ ከቀረበ ገለጻ የተገለበጠ)



ዛሬ የምንነጋገረው በአገራችን እምብዛም ስላልተለመደ አንድ የእንስሳት ትምህርት ነው። ቆቅን፣ ጅግራንና ድርጭትን የመሳሰሉ የምድር አእዋፍን በሽታ ፈልጎ የሚያገኝ፣ ካገኘም በኋላ ሳይዘል፣ ሳይጮኽ፣ አፍንጫውን ወደ ወፏ አቅንቶ፣ ብዙ ጊዜም አንድ የፊት እግሩን እንዳነሣ፣ እንደ ተተከለ ምሰሶ የሚቆም የውሻ ዘር አለ። በዚህ ገለጻ «ጠቋሚ ውሻ» እያልሁ እጠራዋለሁ። ቡችላው መጠቆምን ከወላጆቹ ይዞት ይወለዳል። ባለቤቱ እስኪደርስ፣ ወፏ እስክትነሣ፣ ጥይቱ እስኪተኮስ ድረስ ሳይነቃነቅ መቆየትን ግን ሰው ካላስተማረው አያውቀውም። የዛሬው ነገሬ ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስላለው ርቀት ነው።

ወደ አዊ መጥቶ ስለ ፈረስ ሳይሆን ስለ ውሻ የሚያወራ ሰው ምን ነካው ትሉ ይሆናል። (ሳቅ) አዘና ሰባት ቤት አገው ከሚባሉት የአንዱ ስም ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን የሚያከብረው በዚሁ ዞን ነው። ስለዚህ ጉልበት ያለውን እንስሳ ማስሮጥ ቀላል፣ ማቆም ግን ከባድ መሆኑን ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ስለ ውሻው የምናገረውን በፈረሳችሁ እየመዘናችሁ ስሙኝ፤ የሚለያዩበትም ቦታ አለ፤ ሲደርስ አነሣዋለሁ።

በመጀመሪያ፣ ውሻ ለምን ይቆማል? ተኩላ ለአደን ሲወጣ የሚያደርገው ሁሉ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ነው፦ ያሸታል፣ አተኩሮ ያያል፣ እያደባ ይጠጋል፣ ይሮጣል፣ ይይዛል፣ ይገድላል፣ ይበላል። ከመወርወሩ በፊት ሰውነቱን ሰብስቦ ጸጥ የሚልበት አንዲት አፍታ አለች። ድመት አይጥ ስትጠብቅ ያየ ሰው ይህችን አፍታ ያውቃታል። የሰው ልጅ ለብዙ ትውልድ ውሾችን እየመረጠ ሲያራባ ይህን ሰንሰለት ለየሥራው እንዲስማማ አድርጎ ለዋውጦታል። በጎችን በዓይኑ እየገፋ የሚነዳው ውሻ ማድባቱ ጎልቶ መንከሱ ደክሟል። ከመንጋው መካከል ተኝቶ የሚጠብቀው ትልቅ ውሻ የአደን ፍላጎቱ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። በጠቋሚው ውሻ ደግሞ ከመወርወር በፊት ያለችው አፍታ ተለጥጣ ደቂቃዎች ሆናለች። እንግዲህ ይህ ውሻ የቆመው አደኑን ትቶ አይደለም፤ በአደኑ መካከል ነው። እንደ ተሳበ ቀስት ነው። አሠልጣኙ ይህን ከዘነጋ የቀረው ሥራ ሁሉ ይበላሽበታል፤ ምክንያቱም ውሻውን «እንዲረጋ» የሚያደርገው ፍላጎቱን በማጥፋት ይመስለዋል። ፍላጎቱ የጠፋበት ውሻ ደግሞ አይጠቁምም።

ሰዎች ይህን ጠባይ የተጠቀሙበት ጠመንጃ ከመስፋፋቱ አስቀድሞ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ኬየስ በ1570 እ.ኤ.አ. በላቲን ባሳተመው የውሾች መጽሐፍ ወፍ ሲያገኝ ጸጥ ብሎ ቦታዋን በማመልከት ሰዎች በመረብ እንዲይዟት የሚረዳ ውሻ ገልጿል። ውሻው መሬት ለመሬት ይጋደማል፤ ሰዎቹ መረቡን በወፎቹ ላይ፣ አንዳንዴም በውሻው ላይ ጭምር ይጎትቱታል። በመረብ ዘመን አንድ እርምጃ የተራመደ ውሻ የቀኑን እራት ያሳጣ ነበር፤ መቆም የግድ የሆነውም ያኔ ነው። ጠመንጃ ሲመጣ ውሻው ከመጋደም ይልቅ በቁሙ እንዲጠቁም ተመረጠ። በ1865 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ፣ በ1874 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ የሜዳ ውድድሮች ተጀመሩ። ከዚያ ወዲህ የመርጋት ደረጃ ውሻ ከውሻ የሚበላለጥበት መለኪያ ሆነ።

ወፏንም ማወቅ ያስፈልጋል። ቆቅ ጠላት ሲቀርባት የመጀመሪያ ዘዴዋ መደበቅ ነው፤ ላባዋ ሣርና አፈር ስለሚመስል ከዓይን ትሰወራለች። ሁለተኛው በእግር ሹልክ ማለት ነው። መብረር የመጨረሻዋ ነው፤ ስትነሣም ከእግር ሥር ድንገት እየተንደረደረች ስለሆነ ለምዶት የማያውቅ ሰው ይደነግጣል። «ቆቅ ወዲህ ምዝግዝግ ወዲያ» የሚለው ተረታችን የተወለደው ቆቅ በዱላ ውርወራ ትታደን በነበረበት ኑሮ መሆኑን ልብ በሉ፤ የተወረወረው ወዲያ ሲያርፍ ቆቋ ወዲህ ናት። ጅግራ ደግሞ በመንጋ የምትሄድ፣ ከመደበቅ መሮጥን የምታስቀድም ወፍ ስለሆነች ለጀማሪ ቡችላ መጥፎ መምህር ናት፤ እየሮጠች ታስሮጠዋለች። ውሻው የሚያገኛቸው በንፋስ ነው። ሽታ ከወፏ ተነሥቶ ንፋስ ወደሚሄድበት እየሰፋ የሚዘረጋ የማይታይ ጭስ ነው ብላችሁ ገምቱት። ውሻው ንፋሱን ወደ ፊቱ ተቀብሎ ግራና ቀኝ እየተመላለሰ ሲፈልግ ከዚህ ጭስ ዳር ይገባል፤ መሐሉ ላይ ሲደርስ ይቆማል። በንፋስ ጀርባ የተለቀቀ ቡችላ ወፏን የሚያገኛት ረግጧት ነው፤ ይህም የውሻው ጥፋት ተደርጎ መቆጠር የለበትም።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልግባ።

ስኮትና ፉለር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ እንዳስረዱት፣ ቡችላ ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ባለው ዕድሜው ከሰውና ከአካባቢው ጋር የሚላመድበት ልዩ ጊዜ አለው። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው ሣር፣ ውሃ፣ የሰው እጅ፣ የልጆች ጫጫታ፣ የዕቃ ኳኳታ ነው። ብዙ ሰዎች በዱላ ጫፍ ላባ አስረው ያጫውቱታል፤ ቡችላውም በሁለት ወሩ ላባው ፊት ቀጥ ብሎ ሲቆም ባለቤቱ ይደሰታል። ጨዋታው የዘሩን ማንነት ያሳያል፤ ከዚያ ያለፈ ግን ብዙ አይረባም። ቡችላው የጠቆመው በዓይኑ እንጂ በአፍንጫው አይደለም፤ ሲደጋገምም ዓይኑን ማመን ይለምዳል።

ከዚያ በኋላ «ቁም» የሚለው ቃል ይመጣል፤ የሚመጣውም ወፍ በሌለበት ቦታ ነው። ይህ የትምህርቱ ዋና ነገር ሆኖ ሳለ ትዕግሥት የሌለው ሰው የሚዘለው እርሱን ነው። በግቢ ውስጥ፣ በቀጭን ረጅም ገመድ የተያዘ ቡችላ እየሄደ ሳለ በእርጋታ ይቆማል፤ ቃሉ አንድ ጊዜ ብቻ ይነገረዋል፤ ለሁለት ሦስት ሰከንድ እንደ ቆመ ምግብ ወይም መዳሰስ ይሰጠዋል፤ ይለቀቃል። በየቀኑ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ቆይታው ቀስ በቀስ ይረዝማል፤ አሠልጣኙ አንድ እርምጃ፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ሃያ ይርቃል፤ ይዞረዋል፤ ከበስተኋላው ያልፋል።

እዚህ ላይ ትንሽ የምትመስል፣ ነገር ግን ሥራውን ሁሉ የምትወስን ነጥብ አለች። ሽልማቱ የሚሰጠው ቡችላው በቆመበት ነው። አሠልጣኙ ርቆ ሄዶ «ና» ብሎ ከጠራውና እግሩ ሥር ሲደርስ ከሸለመው፣ ያስተማረው መቆምን ሳይሆን መምጣትን ነው፤ ቡችላው ቆሞ ሳለ ልቡ የሚጠብቀው የመነሻውን ጥሪ ይሆናል። ስለዚህ አሠልጣኙ ወደ ውሻው ይመለሳል፤ በቆመበት ይሸልመዋል፤ በእጁ ነክቶ ይለቀዋል። ወጣት ፈረስ እንዲቆም የሚያስተምር ሰውም ይህን ቢሞክረው ጥቅሙን ያያል ብዬ አምናለሁ።

ቃሉ በግቢ፣ በመንገድ፣ ዶሮና ፍየል ባለበት ከጸና በኋላ ወፍ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው እርግብ ነው፤ ስትለቀቅ ወደ ማደሪያዋ ስለምትመለስ ሳትጎዳ ደጋግማ ታስተምራለች። እርግቧ በሣር ውስጥ በተደበቀ፣ አሠልጣኙ ከሩቅ በሚከፍተው ሣጥን ትቀመጣለች። ቡችላው ሽታው ከጎን በሚነፍስበት አቅጣጫ እንዲመጣ ይደረጋል። ሽታው ሲመታው ይቆማል። አሠልጣኙ በዚያች ቅጽበት ምንም አይናገርም፤ «ቁም» አይልም፣ «ጎሽ» አይልም፣ ገመዱንም አይጎትትም። ቡችላው እንደ ቆመ ከቆየ አሠልጣኙ በእርጋታ ይደርሳል። አንድ እርምጃ ወደፊት ከሄደ ግን ሣጥኑ ይከፈታል፤ እርግቧ ትበራለች፤ ነገሩ አለቀ። ቁጣ የለም፤ ቅጣት የለም። ወፏ ሄደች።

ይህ ጥቂት ጊዜ ሲደጋገም ቡችላው አንድ ሕግ ያገኛል፦ ስጠጋ ትሄዳለች፤ ስቆም ትቆያለች። ይህን ሕግ ያስተማረው ሰው አይደለም፤ ወፏ ናት። ሰው ያስተማረው ሕግ ሰው በሌለበት ይሻራል፤ ይህ ግን ባለቤቱ ከኮረብታው ወዲያ ቢሆንም ይሠራል። ጠቋሚ ውሻ ደግሞ አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው ከሰው ርቆ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ የከፋው ጥፋት ቡችላው ወፏን በአፉ እንዲይዝ ዕድል መስጠት ነው። ክንፏ የተሰበረ ወይም በደንብ መብረር የማትችል ወፍ ለማስተማሪያ መጠቀም ይህን ያመጣል። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው» የሚል ሰው የመማርን ሥርዓት አልተገነዘበም። የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ፈርስተርና ስኪነር በ1957 እ.ኤ.አ. በሰፊው እንዳሳዩት፣ አልፎ አልፎ ብቻ የሚሸለም ጠባይ ሁልጊዜ ከሚሸለመው ይልቅ ለመጥፋት ያስቸግራል። ሎተሪ የሚቆርጥ ሰው ሳይደርሰው መቁረጡን የማያቆመው ለዚህ ነው። ከአሥር ጊዜ አንዴ ወፍ የያዘ ቡችላም ዘጠኙን ጊዜ ባዶ መቅረቱን አይቆጥርም፤ አሥረኛዋን ይጠብቃል። በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል፤ ውሻ የነከሰውን ሥጋ ብዙ ሰው አይበላም፤ ስለዚህ ወፏን በአፉ የሚያነሣ ውሻ ለባለቤቱ ምግብ አላመጣም፤ ወፏንም በከንቱ ገደላት።

ወፏ ስትነሣ ቆሞ መቅረት ሌላ ደረጃ ነው፤ ለቡችላው ከሁሉ የሚከብደውም ይህ ነው። የምትሸሽ ነገር የአዳኝን እግር ትስባለች። በዚህ ጊዜ ቀድሞ በግቢ የጸናው «ቁም» ዋጋውን ያሳያል፤ ቃሉ ወፍ በሌለበት ሺህ ጊዜ ተነግሮ ከሆነ ወፍ ባለበት አንድ ጊዜ ይበቃዋል። የጥይት ድምፅ የሚገባው ከሁሉ በኋላ ነው፤ ውሻው ሲበላ ወይም በጨዋታ ሳለ፣ ከሩቅ፣ በትንሽ ድምፅ ተጀምሮ ለብዙ ቀናት እየቀረበ። ጥይት ሲሰማ የሚሸሽ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ ሆኖ አልተወለደም፤ አንድ ችኩል ሰው ከጆሮው አጠገብ ተኩሶበታል።

ሁለት ውሾች አብረው ሲሠሩ ደግሞ ሌላ ደስ የሚል ነገር ይታያል። አንደኛው ጠቁሞ ሲቆም ሁለተኛው ምንም ሽታ ሳያገኝ፣ ባልንጀራውን ከሩቅ አይቶ ብቻ ይቆማል። ይህም በከፊል ከዘር፣ በከፊል ከትምህርት የሚገኝ ነው። ለቡችላ ከአረጋዊ ውሻ ጋር መውጣት ጥሩ የሚሆነው ቀድሞ ለብቻው ከተማረ ነው፤ ካልተማረ ሽማግሌውን ቀድሞ ወፏን ያስነሣል፤ ብዙ ጊዜም ሽማግሌው ተማሪ ይሆናል። (ሳቅ)

ስለ ዱላ ልናገር። በአገራችን ውሻ ቀን ታስሮ ሌሊት ተፈትቶ ግቢ የሚጠብቅ እንስሳ ነው፤ ትምህርቱም አብዛኛውን ጊዜ ድንጋይና ዱላ ነው። በሌሎች አገሮችም ቢሆን ጅራፍ ነበረ፤ ዛሬ ደግሞ በርቀት ንዝረት የሚሰጥ የኤሌክትሪክ ማነቆ አለ፤ አንዳንድ አገሮች ከልክለውታል። እኔ የምቃወመው በርኅራኄ ብቻ ተመርቼ አይደለም። ቡችላው ወፏ ፊት ሳለ ቢመታ፣ ሕመሙን የሚያያይዘው ከእርምጃው ጋር ሳይሆን በዚያች ቅጽበት አፍንጫውን ከሞላው ሽታ ጋር ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ሽታው ሲመታው ፊቱን አዙሮ እንዳላወቀ ሆኖ ያልፋል። ይህ በሙያው የታወቀ በሽታ ነው፤ መዳኑም አስቸጋሪ ነው። ከሩቅ የሚያይ ሰው «ውሻው አላገኘም» ይላል፤ ውሻው ግን አግኝቶ ደብቆታል። ባለቤቱ በዱላ የገዛው እርጋታ ይህ ነው።

ፈረስ ከውሻ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ፈረስ በተፈጥሮው የሚታደን እንስሳ ነው፤ ሲደነግጥ መዳኛው መሮጥ ነው፤ ስለዚህ ቆሞ እንዲቆይ ስናስተምረው ፍርሃቱን እናበርድለታለን። ውሻ ግን አዳኝ ነው፤ ቆሞ እንዲቆይ ስናስተምረው ፍላጎቱ እንዳለ ይቆያል፤ የፍላጎቱ መንገድ በመቆም በኩል እንዲያልፍ እናደርጋለን እንጂ። የተደበደበ ፈረስ ይሸሻል፤ የተደበደበ ጠቋሚ ውሻ ሥራውን ይተዋል። ጥፋቱ አንድ ሆኖ ውጤቱ ለየቅል ነው፤ ለፈረስ የሠራ ዘዴ ሁሉ ለውሻ ይሠራል ማለት የማይቻለውም ስለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይረባናል? አደኑን በተመለከተ አጭር መልስ አለ፦ በአገራችን ሕግ መሠረት የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው፤ ቆቅም የዱር እንስሳ ናት። እኔ ውሻ እያሠለጠናችሁ ወደ ጫካ ውጡ ለማለት አልመጣሁም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው።

የሃርዉድ ቆቅ የምትባል፣ ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም ላይ የማትገኝ ወፍ አለች። በ1899 እ.ኤ.አ. ነበር ለሳይንስ የታወቀችው። የምትኖረው ከጣና በሚወጣው በዓባይና በገባሮቹ፣ በተለይም በጀማ ሸለቆ ነው፤ በወንዝ ዳር ጥቅጥቅ ባለ ቁጥቋጦና ደንገል ውስጥ ተደብቃ ትውላለች፤ ለመልቀም ወደ ማሽላ ማሳ ትወጣለች። መኖሪያዋ ለእርሻና ለማገዶ ሲመነጠር እርሷም ትጠፋለች። እንዲህ ያለችን ወፍ ለመቁጠር ባለሙያ የሚተማመነው በዋናነት በድምፅዋ ነው፤ ጸጥ ብላ በእንቁላልዋ ላይ የተኛችውን ግን ጆሮ አይቆጥራትም። የማትቆጠር ወፍ ደግሞ ብትቀንስም የሚያውቅላት የለም።

በሌላው ዓለም ለዚህ ሥራ ውሻ መጠቀም አዲስ ነገር አይደለም። በኒውዚላንድ በ1894 እ.ኤ.አ. የደሴት ጥበቃ ኃላፊ ሆኖ የተሾመው ሪቻርድ ሄንሪ፣ መብረር የማይችሉትን ካካፖና ኪዊ የተባሉ ወፎች አፉ በታሰረ ውሻ እየፈለገ አዳኝ እንስሳት ወዳልደረሱበት ደሴት ያሸጋግር ነበር። በስኮትላንድ ጠቋሚ ውሾች እስከ ዛሬ የሜዳ ቆቆችን ለመቁጠር ይሠራሉ፤ ውሻው ይጠቁማል፣ ሰው ይቆጥራል፣ ወፎቹም በሕይወታቸው ይሄዳሉ። በዓባይ ሸለቆም በባለሙያ ቁጥጥርና ከሚመለከተው አካል በሚገኝ ፈቃድ ቢሞከር ጥሩ ነው የሚል አሳብ አለኝ። የመርጋት ትምህርት ከጨዋታነት የሚወጣውም እዚህ ላይ ነው፤ በውድድር ሜዳ አንድ እርምጃ የተራመደ ውሻ ነጥብ ያጣል፤ በብርቅዬ ወፍ ጎጆ ፊት የተራመደ ውሻ ግን ዘር ያጠፋል። ያልረጋ ውሻ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ መውጣት የለበትም፤ በመራቢያ ወቅት ደግሞ የረጋውም ቢሆን በጥንቃቄ።

ሌላም ግዴታ አለ። ወደ ዱር የሚወጣ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የወሰደ መሆን አለበት። በባሌ ተራሮች ይህ በሽታ ከቤት ውሾች እየተሻገረ ቀይ ቀበሮን በተደጋጋሚ ፈጅቷል። የግቢ ውሻም ቢሆን መከተብ እንዳለበት እዚህ ያላችሁ የእንስሳት ሐኪሞች ከእኔ ይልቅ አስረግጣችሁ ትናገራላችሁ።

የመጨረሻው ነጥብ ስለ አበሻ ውሻችን ነው። ጠቋሚ ዘር አይደለም፤ ቆቅ ፊት ለደቂቃዎች ይቆማል ብዬ ተስፋ አልሰጣችሁም። «ቁም» የሚለውን ግን ማንኛውም ቡችላ ይማራል፤ መማሪያውም በየቤታችሁ አለ። ማታ ምግቡን ስታቀርቡለት ሳህኑን በእጃችሁ ይዛችሁ ቁሙ። ሲዘል ሳህኑ ወደ ላይ ይሂድ፤ ሲረጋ ወደ ታች ይውረድ፤ አትናገሩ፣ አትቆጡ። አራቱም እግሮቹ መሬት ላይ ሳሉ ሳህኑ መሬት ይነካል። በመጀመሪያው ቀን ረጅም ጊዜ ሊወስድባችሁ ይችላል፤ በሳምንቱ ግን ሳህኑን ስታነሡ ቀድሞ የሚቆመው እርሱ ይሆናል። ቃሉን ማስገባት ያለባችሁ ያን ጊዜ ነው እንጂ ከዚያ በፊት አይደለም፤ ቃሉ የሚሰየመው ቡችላው አስቀድሞ ለሚያደርገው ነገር ነውና።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን ማቅረብ ትችላላችሁ፤ የፈረስ አሠልጣኞች ቅድሚያ ብታገኙ ደስ ይለኛል።